የቫቲካን ራዲዮ በጎጃም ጆሮ

ፍኖተ ሰላም ላይ ራዲዮና ሞባይል እጠግናለሁ። እንጀራዬ ከሞባይሉ ነው። ራዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ሲመጣ ግን ሞባይሉን ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ እሱን አስቀድማለሁ። ባለሞባይሎቹ ያኮርፋሉ። ያኩርፉ።

ጠግኜ የጨረስኩትን ራዲዮ የምፈትነው ከሩቅ አገር የሚሰራጨውን በሚይዘው በአጭር ሞገድ ነው። ኤፍኤምማ ምኑም ራዲዮ ይይዘዋል። ደካማው ከብርቱ የሚለየው አጭር ሞገድ ላይ ነው። ምሽት ላይ ቁልፉን ቀስ እያልኩ ሳዞር ከሚገጥሙኝ የአማርኛ ድምፆች አንዱ የቫቲካን ራዲዮ ነው። መጀመሪያ ለሙከራ ብቻ ነበር የምሰማው። እያደር ለራሴ መስማት ጀመርኩ። አሁን የደንበኛ ራዲዮ በእጄ ባይኖርም በራሴ ቴክሱን ራዲዮ እከፍተዋለሁ። ስለ ሌሎቹ ጣቢያዎች የሚያወራ ሞልቷል፤ ስለዚህኛው የሚያወራ ሰው ብዙም ስለማይገኝ እኔው ልጻፍ ብያለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ክርስትና የተነሣሁት በማርያም ነው፣ የንስሐ አባት አለኝ፣ ሃይማኖት የመለወጥ ሐሳብም የለኝም። ይህን የምለው ገና ርዕሱን አይቶ «ይህ ሰውዬ ምን ነካው» የሚል ስለማይጠፋ ነው። በእኛ አገር ካቶሊክ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አሳወቁ፤ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ። ከእሳቸው ጋር የነበረው የካቶሊክ ቄስ፣ ኢየሱሳዊው (ጀስዊት) ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አይቶ የጻፈ ሰው ነው። ምንጩ ያለበት ሰከላ ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም ለማለት ነው።

ወደ ራዲዮው ልምጣ። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ቃጭል ቃጭል የሚል ዜማ ይመጣል። «ክሪስቱስ ቪንቺት» የሚባል የላቲን መዝሙር ዜማ ነው። ጣቢያው በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በሱ ነው። «ላውዴቱር የሱስ ክሪስቱስ» የሚል ሰላምታም አለ፤ ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን እንደማለት ነው። ዜማው ለጌጥ የገባ ይመስላል እንጂ ሥራ አለው። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ሰው ጣቢያውን አስተካክሎ እንዲይዝ ነው የሚደጋገመው። እኔ ጠጋኙ ይህን ዜማ እወደዋለሁ። ግራ ቀኝ እያልኩ ድምፁ የጠራበት ቦታ ላይ ስደርስ እጄን አነሣለሁ፤ ተናጋሪው ሲመጣ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

ከዚያ ዜና ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የተናገሩት፣ የሄዱበት አገር፣ ያነጋገሩት ሰው። ረቡዕ ረቡዕ ለሕዝብ የሚያቀርቡት ትምህርት አለ። እሑድ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በመስኮት ብቅ ብለው ከአደባባዩ ሕዝብ ጋር የሚጸልዩት ጸሎትና የሚናገሩት መልእክት። የሮም እኩለ ቀን በእኛ 8 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያዞሩ 7 ሰዓት ይሆናል። የወንጌል ትርጓሜ አለ። የአፍሪካ ወሬም አለ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። የድምፁ እርጋታ ነው። የሚጮህ የለም። የሚያሸብር ሙዚቃ የለም። «ሰበር» አይሉም። ስለ ጦርነት ሲናገሩ እንኳ የሞተውን ሰው ቁጥር ብቻ ጥለው አያልፉም፤ ስለ ተፈናቀለው፣ ስለ ታመመው፣ ስለሚረዳው ሰው ይጨምሩበታል። እኛ እዚህ የምንሰማውን ወሬ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስዞር ሁሉም አንድ ወገን ይዞ ሲሳደብ ነው የማመሸው። ከዚያ መሐል አንድ በቀስታ የሚናገር ሰው ማግኘት ማረፊያ ነው።

ስደትን የሚያነሡበት መንገድ ደግሞ ለብቻው ይነገር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍራንቸስኮስ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከሆኑ በኋላ ከሮም ውጭ መጀመሪያ የሄዱት ላምፔዱዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013። ላምፔዱዛ ከሊቢያ በጀልባ የሚሻገሩት ልጆች የሚደርሱባት ደሴት ናት። የሚደርሱት ማለቴ ነው፤ የማይደርሱት ብዙ ናቸው። ከእኛ ሰፈር በመተማ በኩል ወጥተው ሊቢያ ላይ የቀሩ ልጆች አሉ። እናቶቻቸው ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። የዚያችን ደሴት ስም በአማርኛ፣ በዚያ እርጋታ ስሰማ ስለ ማን እንደሚወራ አውቃለሁ። ሌላው ጣቢያ ይህን ወሬ ከኳስ ውጤት በፊት አንብቦ ያልፈዋል።

አሁን ወደሚከብደው ልሂድ። አያቴ አርበኛ ነበሩ። ሮም የሚባል ስም እቤታቸው አይጠራም ነበር። የጎጃም ሰው በላይ ዘለቀን እያነሣ ነው ያደገው፤ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ እንዳዘነበብን ለማንም አይነገረውም። እና ይህ ራዲዮ የተከፈተው መቼ ነው? እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1931። የሠራው ማን ነው? ጉሊየልሞ ማርኮኒ፣ የራዲዮ አባት የሚባለው ጣሊያናዊ። መጀመሪያ የተናገሩበት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ናቸው፣ በላቲን። ከ5 ዓመት በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ይኸው ፒዮስ 11ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ ብለው ያወጁ ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው፤ መርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ የተወለዱ። ራዲዮው ሊከፈት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረውም የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ ተሠራ። ዛሬም እዚያው አትክልቱ መሐል አለ፤ ሌላ አገር ከቅጥሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሌጅ የለውም። ይህንን ሁሉ ያደረጉ ሰው ዘመን ላይ ነው ያ ሁሉ ግፍ የደረሰብን። አያቴ ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። ራዲዮዬን መንገድ ላይ ይወረውሯት ነበር። እኔ ሁለቱንም ይዤ እሰማለሁ። ጣቢያው ይህን ታሪክ ከነምሬቱ አንድ ቀን በአማርኛ በሰፊው ቢተርክልኝ ደስ ይለኛል። ከሮም የሚነገር አማርኛ ከዚህ የበለጠ ርዕስ ከየት ያገኛል?

ማን ይሰማዋል ለሚለኝ አንዲት ደንበኛዬን ልንገራችሁ። ነርስ ናት። ከደቡብ ተመድባ የመጣች። ካቶሊክ መሆኗን ያወቅሁት ራዲዮዋን ስጠግንላት ነው።

«ጋሼ፣ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ክርርር ይላል» አለችኝ።

ከፈትኩት። የድምፁ ቁልፍ አቧራ በልቶት ነው። በአልኮል አጥቤ ደጋግሜ አሽከረከርኩት፤ ጸዳ። የኋላው ክዳን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች አየሁ። አንዱ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል፤ እሱም ተሰርዞ ሌላ።

«ሲስተር፣ ይህ የምን ሒሳብ ነው?»

«የቫቲካን ነው ጋሼ። በየጊዜው ይቀይሩታል። ሲቀይሩት እንደገና ፈልጌ እጽፈዋለሁ።»

እዚህ ከተማ የሷ ቤተ ክርስቲያን የለም። ጥር 2007 የባሕር ዳርና የደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ተቋቁሟል፤ ባሕር ዳር ለመሄድ ግን ፈቃድም፣ የመኪና ብርም፣ መንገዱም ሰላም መሆን አለበት። ስለዚህ እሑዷ ያች ራዲዮ ናት። የጥገናውን ሒሳብ አልተቀበልኳትም። ሚስቴ «ሁሉን በነጻ እየሠራህ ልትጨርሰን ነው» አለችኝ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ቡና ጠርታ ያስተዋወቀቻት እሷው ናት።

የ2017 ፋሲካ ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ዋለ፤ ሚያዝያ 12። ሲስተር ብቻዋን ናትና ማግስቱን እኛ ቤት እንድትውል ጠርተናት ነበር። ከረፋዱ ላይ ስልኳን አየችና ቁጭ አለች። ፍራንቸስኮስ አርፈዋል። የፋሲካ ሰኞ ነው፤ ዶሮው ቀርቧል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፣ ልጆች ይጮሃሉ፣ እሷ ታለቅሳለች። ሚስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቧ ተቀመጠች። አላወቀቻቸውም እኮ ሰውየውን። ለቅሶ ለቅሶ ነው።

ማታ ራዲዮውን ከፈትኩ። በፋሲካው ዕለት ድምፃቸው ደክሞ ሕዝቡን እንኳን አደረሳችሁ ብለው ነበር፤ መልእክቱን ያነበበላቸው ሌላ ሰው ነው። በዚያ የመጨረሻ መልእክት ውስጥ ኮንጎ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ተጠርተዋል፤ የአፍሪካ ቀንድም ተጠርቷል። ለፋሲካው የተሰበሰብነው ሰዎች ዝም ብለን ሰማን። ጎረቤታችን መሪጌታ አብረውን ነበሩ። እሳቸው እንኳ፣ ስለ ካቶሊክ በጎ ቃል ወጥቷቸው የማያውቁት፣ «ለእኛም ጸልየው ነው የሞቱ?» አሉ። ከዚያ «እግዜር ይማራቸው» ብለው ጠላቸውን አነሡ።

አዲሱ ሲመረጡም በራዲዮ ነው የተከታተልነው። መመረጣቸውን የሚያበስረው ነጭ ጭስ የወጣው በሚያዝያ 30 ምሽት በእኛ 1 ሰዓት ገደማ ነበር። ከ133ቱ መራጭ ካርዲናሎች አንዱ የእኛው ብርሃነየሱስ ሱራፌል ናቸው። ይህን ሳነሣ ሱቄ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ቀና አሉ። የኢትዮጵያ ሰው ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ ሲሆን የማን ሃይማኖት ነው የሚለው ለጊዜው ይረሳል። ሊዮ 14ኛ አሜሪካዊ ናቸው፤ ቺካጎ ተወልደው ብዙ ዘመን ፔሩ ያገለገሉ። «አሜሪካኖቹ ይህንንም ወሰዱት» አለ አንዱ ደንበኛዬ ባትሪ እያስቀየረ።

ሌላው የአጭር ሞገድ ጥቅም የታየኝ ኢንተርኔት በተዘጋብን ጊዜ ነው። ዳታ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ሰው ዓለም ላይ ምን እንዳለ የማያውቅበት ወራት ነበር። የአባቱን ራዲዮ ከቆጥ አውርዶ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ሱቄ ያልመጣ የለም። ያን ጊዜ ኮራሁ፤ አልዋሽም። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ2012 ለአውሮፓና ለአሜሪካ የሚያሰራጨውን የአጭርና የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት በአብዛኛው ሲዘጋ የአፍሪካውን አልዘጋም። እዚያ ሁሉም ኢንተርኔት አለው፣ እዚህ የለውም ብለው ነው። ልክ ናቸው። ከሰማይ የሚመጣ ሞገድ ማብሪያ ማጥፊያው በማንም ቢሮ ውስጥ የለም።

እስካሁን አመሰገንኩ። አሁን የምፈልገውን ልናገር።

የቫቲካን ራዲዮ አማርኛ ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን የተጻፈ ይመስለኛል። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ባለቤቱ ይረሳል። «ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት» የሚለው ማዕርግ ሳይቀር በየመስመሩ ይመላለሳል። በእርግጥ የእኛም ከዚህ አያጥርም፤ «ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ቀዳማዊ ፓትርያርክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም ወዕጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» ተብሎ እስኪያልቅ ቡናው ይገነፍላል። እንዲያም ሆኖ ራዲዮ ነውና አጠር ቢል ጥሩ ነበር። ሽንኩርት እየላጠ የሚሰማ ሰው ወደ ኋላ ገልጦ አያነብም።

ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ጥያቄና መልስ ነው።

የጎጃም ሰው ሃይማኖትን የሚማረው በክርክር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ብላችሁ የቅኔ ቤት ገብታችሁ እዩ። ተማሪው ቅኔውን ሲቀኝ ጓደኛው «ምኑ ተገኘበት? ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም!» ይለዋል። የመጽሐፍ ትርጓሜውም «አንድም» እያለ አንዱን ሐሳብ በሌላው ላይ ይደርባል። በክርስቶስ ባሕርይ ላይ ቅባትና ተዋሕዶ ተብሎ ስንት ዘመን የተሟገተ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ በነገሥታት ፊት ጉባኤ እስኪደረግበት ድረስ። ይህን ጆሮ ይዞ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ፕሮግራም መስማት ይከብዳል። መሪጌታ ከእኔ ጋር ሲሰሙ ራዲዮውን ይመልሱለታል። «እሱስ ይሁን፤ ታዲያ ጳውሎስ ለምን እንዲያ አለ?» ይላሉ። ራዲዮው ይቀጥላል። እሳቸውም ይቀጥላሉ።

አሜሪካኖቹ እዚህ ላይ ነው የሚበልጡት። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው ያለችው፤ መኪና ስትነዳ የምትሰማውን ትልክልኛለች። እዚያ የካቶሊክ የወሬ ራዲዮ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከትልልቆቹ አንዱ ኢ ደብሊው ቲ ኤን ይባላል። የመሠረቱት እናት አንጀሊካ የሚባሉ መነኩሲት ናቸው፤ አላባማ፣ አይረንዴል ከተማ፣ በገዳማቸው ጋራዥ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1981። መነሻቸው 200 ዶላር ነው ይባላል። በቴሌቪዥን ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1992 የራሳቸውን አጭር ሞገድ ከፈቱ። ከበራቸው የማይወጡ መነኩሲት ይህን ሲያደርጉ ማሰብ ነው እንግዲህ።

ከምትልክልኝ ሁሉ የወደድኩት «ካቶሊክ አንሰርስ ላይቭ» የሚባለውን ነው። ሥራው ይኸው ነው፦ ሰው ይደውላል፣ ይጠይቃል፣ ይመለስለታል። ለካህን መናዘዝ ለምን አስፈለገ? ማርያምን ለምን ትለምናላችሁ? ልጄ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፣ ምን ላድርግ? አዘጋጁ ጠያቂውን አያቻኩልም። መላሹ ጥቅስ ይጠራል፣ ታሪክ ይጠራል፣ አንዳንዴ ይስቃል። ከሁሉ የደነቀኝ ካቶሊክ ላልሆኑ ሰዎች ብቻ ስልኩን ክፍት የሚያደርጉበት ሰዓት መኖሩ ነው። በእግዜር የማያምን ሰው ብቻ እንዲደውል የሚጋብዙበትም አለ። «ለምን ካቶሊክ አልሆንክም?» ብለው ይጠይቁታል፤ ሰውየውም ይነግራቸዋል። አንጀቴን ነው የበሉት። ለመሪጌታ ስተረጉምላቸው «ቁጥሩን አምጣ፣ እኔ ልደውል» ብለው ስልካቸውን አወጡ። እንግሊዝኛ እንደማይችሉ ያስታወሱት በኋላ ነው።

አሜሪካኖቹም እንከን አላቸው። ወሬያቸው የአገራቸው ነው። ምርጫቸው፣ ፍርድ ቤታቸው፣ ትምህርት ቤታቸው። ግማሹ አይገባኝም፣ የገባኝም ግማሹ አይመለከተኝም። ደግሞ በየመሐሉ የእርዳታ ልመናው ይበዛል። ራዲዮ ማሪያ የሚባለው ሌላው ነው፤ ከጣሊያን ተነሥቶ ኡጋንዳና ታንዛኒያን ጨምሮ ብዙ አገር የገባ። ማስታወቂያ የለውም፣ በበጎ ፈቃደኞችና በሰሚዎች መዋጮ ነው የሚሠራው። ግን ጸሎቱ ይበዛል። መቁጠሪያ ይዞ ለሚጸልይ ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ አልሆነም።

ስሙን የማልጠራው ሌላ ጣቢያም ገጥሞኝ ነበር። በቀን ስንቴ ሌላውን ሃይማኖት እንደሚያዋርድ ቢቆጠር ጣት አይበቃም። ሲስተር ራሷ «ይህ የእኛ አይደለም ጋሼ፣ ዝጋው» አለችኝ። ያን ቀን ስትናደድ «አንተ» ነው ያለችኝ፤ ሌላ ጊዜ «እርስዎ» ናት። ዘጋሁት።

የቫቲካኑ አማርኛ ከአሜሪካኖቹ ያንን የስልክ ሰዓት ቢወስድ ምን ነበረበት? አጭር ሞገድ መልስ የለውም ይባል ይሆናል። ድሮስ? የቫቲካን ራዲዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የምርኮኞችንና የጠፉ ሰዎችን መልእክት ለቤተሰብ ያደርስ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መልእክት አስተላልፏል። እገሌ በሕይወት አለ፣ እገሌ እዚህ ካምፕ ነው እያለ፣ ስም በስም። ከሰማሁት የዚህ ጣቢያ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ዛሬ ደግሞ ቴሌግራም አለ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን በድምፅ ጥያቄ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከመርጡለ ማርያም፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣውን ጥያቄ ሰብስቦ በሳምንት አንድ ጊዜ መመለስ ነው። ካቶሊኩም ይጠይቅ፣ ኦርቶዶክሱም ይጠይቅ፣ እስላሙም ይጠይቅ። የጎጃም ቄስ ጠይቆ የሮም ቄስ ሲመልስ አስቡት። እኔ ያን ምሽት ሱቄን ዘግቼ ነው የምሰማው።

የመጀመሪያውን ጥያቄም አዘጋጅቻለሁ። ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። የእኛው አገር ሰው፣ አንድ ዓይናቸውን በልጅነት ያጡ፣ የመጽሐፍ ሰው። እውነተኛውን ትምህርት ፈልገው ከገዳም ገዳም ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ሊያመጣ ግብፅ ከሄደው መልእክተኛ ጋር ወጡ፤ ሮምንም ኢየሩሳሌምንም አይተው ተመለሱ። ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር የተወዳጁት በዚያ ጉዞ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ካቶሊክ ሆኑ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሰንሰለት ታስረው፣ እየተጎተቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ሞቱ። ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። እኛ ጎጃሞች ስለ እሳቸው አናወራም፤ ካቶሊክ ሆኑብንና። ካቶሊኮቹ ደግሞ ሲያወሩ ከሞታቸው ይጀምራሉ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። መርጡለ ማርያም ላይ ማን አስተማራቸው? ከማን ጋር ተከራከሩ? ያን ክርክር ማን ረታ? ይህን በአምስት ስድስት ክፍል ቢሠሩት መሪጌታም ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ ተቃውሞ ይዘው ይመጣሉ፣ ግን ይመጣሉ።

እንግዲህ መስማት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የጠጋኝ ምክር እነሆ። ኢንተርኔት ካላችሁ የቫቲካን ኒውስ የአማርኛ ገጽ ላይ ጽሑፉ አለ። ከሌላችሁ ራዲዮ ስትገዙ «ኤስ ደብሊው» (SW፣ አጭር ሞገድ ማለት ነው) የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ገበያ ላይ ሚሞሪና ፍላሽ የሚያጫውቱ፣ መብራት ያላቸው፣ ሶላር ያላቸው የቻይና ራዲዮዎች ሞልተዋል፤ አንዳንዱ «12 ባንድ» ብሎ ጽፎ ሲከፈት ኤፍኤም ብቻ ነው። ሳትከፍሉ በፊት ሱቁ በር ላይ ሞክሩት። ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ያለው ከሆነ ይሻላል፤ ከሲስተር የክዳን ሒሳብ ትድናላችሁ።

ጣቢያውን ምሽት ላይ ከ9 እስከ 16 ሜጋኸርዝ ባለው መሐል ፈልጉት። ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬ ከጠፋ ራዲዮው አልተበላሸም፤ በመጋቢትና በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ቦታ ይቀያየራሉ። እባካችሁ ለሱ ብላችሁ ወደኔ አታምጡት። የሚንጫጫ ከሆነ አጠገቡ ያለውን ቻርጀርና የኤል ኢ ዲ አምፖል አጥፉ። መብራት የጠፋ ቀን ድምፁ ሲጠራ ታያላችሁ፤ እኛ ጋ ለዚህ ረዥም ጊዜ አትጠብቁም። አንቴናው ላይ ጥቂት ሜትር ሽቦ አስሩና በመስኮት አውጥታችሁ ባሕር ዛፍ ላይ ስቀሉት። የኤሌክትሪክ መስመር እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሽቦውን ከራዲዮው ንቀሉት፤ ባለፈው ሐምሌ መብረቅ ያቃጠለውን የአንድ ሽማግሌ ፓናሶኒክ እስካሁን መለዋወጫ እየፈለግሁለት ነው።